ቡልኮ የበላ ባትሪ

በእኛ በወላይታ የሰው በሬ በቆሎአችሁን ቢበላ ነገሩ ቀላል ነው። በሬው ይታወቃል፤ ባለቤቱም ይታወቃል፤ ሽማግሌዎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሚሉትም ከአባት ከአያት ሲወርድ የመጣ ነው። አንዱ ይቆጣል፣ ሌላው ያባብላል፣ በሬው ደግሞ ምንም እንዳላደረገ ሰው ሣሩን ይግጣል። ዘመን ሲሠለጥን ግን የሚበላባችሁ ነገር ቀንድ የለውም። ባለቤቱን ስትፈልጉ ሻጩ አስመጪውን ይጠቁማችኋል፣ አስመጪው ፋብሪካውን፤ ፋብሪካውን በካርታ ላይ ፈልጋችሁ ስታገኙት በመካከላችሁ ባሕር አለ። እንግዲህ ባሕር ተሻግሮ ሽማግሌ የሚሆንላችሁን ፈልጉ።

የእኔን ቡልኮ የበላው ባትሪ ነው። «የእኔ» ማለቴን ሚስቴ ታደለች እንዳትሰማ እንጂ ቡልኮው የእሷ ነው። ስትዳር እናቷ ጥጡን በእጃቸው ፈትለው፣ ሸማኔ ዘንድ አሠርተው የሰጧት ነው። ከክብደቱ የተነሳ ለብሳችሁት ስትተኙ ለመገላበጥ ፈቃድ መጠየቅ ያሻል። አማቴ ከዚያ ወዲህ ዓይናቸው ደክሟል። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይፈትሉም።

እኔ ደግሞ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆኜ በርቀት ትምህርት ዲግሪ አሻሽል ነበር። በዚያ ዘመን ሶዶ ውስጥ የማይማር የመንግሥት ሠራተኛ አልነበረም፤ ከስብሰባና ከግምገማ የተረፈው ሁሉ ሞጁል ታቅፎ ይታይ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌን የምጽፍበት አሮጌ ላፕቶፕ ባትሪው ሞተና ከጋሽ ግርማ ሱቅ አዲስ ገዛሁለት። ጋሽ ግርማ አያታቸው ከሰሜን መጥተው ሶዶ የቀሩ፣ እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው ያደጉ፣ ሲስቁ በአማርኛ፣ ሲናደዱ በወላይትኛ የሆኑ ነጋዴ ናቸው። «ኦርጅናል ነው» አሉኝ። አመንኳቸው። ኦርጅናል የሚለውን ቃል ያላመነ ማን አለ?

ጥቂት ቆይቶ ባትሪው ማበጥ ጀመረ። ታደለች እርጉዝ ስለነበረች በቤታችን ሁለት ሆዶች ባንድነት ያድጉ ጀመር። የአንዱ ደስ ሲያሰኘኝ የሌላው አሳሰበኝና ጋሽ ግርማ ዘንድ ወስጄ አሳየኋቸው። «ሲለምድ ይተወዋል» ብለው መለሱኝ።

አልተወውም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጠፍቶ የዋለው መብራት ሲመጣ፣ ደህናው ሶኬታችን ከአልጋው ራስጌ ስለሆነ ላፕቶፑን ሰክቼ አልጋው ላይ ተውኩት። ታደለች እዚያው ጎኗን አሳርፋ ነበር፤ ውሃ ጠማትና ተነሳች። ወደ ጓዳ ገብታ ጣሳውን ሳታነሳ አንድ ነገር ቧ አለ። ከደጅ ሮጬ ስገባ ላፕቶፑ ይጨሳል፣ እሳት ይተፋል። በትራስ ገፍቼ መሬት ላይ ጣልኩት፤ አሸዋ ደፋንበት፤ ጠፋ። ቡልኮው ግን መሐል ለመሐል ሰው አንገቱን የሚያስገባበት ቀዳዳ ወጥቶለት ነበር።

ታደለች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የቀዳዳውን ዳር በጣቷ ስትዞር ቆይታ፣ ሊያርሷት የሚመጡትን እናቷን በምን ዓይኗ እንደምታያቸው ጠየቀችኝ። ካሳ እንደማስከፍል ማልኩላት።

ጋሽ ግርማን በጨዋ ደንብ አነጋገርኳቸው። ስለ ሸማች መብት፣ ስለ ጥራት፣ ከሞጁሌ ያገኘሁትን ሁሉ ደረደርኩ። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ። «መምህር፣ እኔ የሸጥኩልህ ባትሪ ነው። ብርድ ልብስ አልሸጥኩልህም» አሉኝ። ባትሪውን እለውጥልሃለሁ፣ ስለ አልጋህ ግን አያገባኝም ማለታቸው ነው።

ከዚያ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት አቤት ልል ሄድኩ። በሩ ላይ ስለ መልካም አስተዳደር የሚናገር ትልቅ ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ከበሩ ወዲያ ያሉት ሁሉ ስለ መልካም አስተዳደር ስብሰባ ላይ ናቸው። በስንት ምልልስ ያገኘሁት ሹም አቤቱታዬን በጥሞና ካዳመጠ በኋላ፣ ጉዳዩ የንግድ ነው ወይስ የእሳት አደጋ የሚለው መጀመሪያ መጣራት እንዳለበት ነገረኝ። ማን እንደሚያጣራው ስጠይቀው ያም መጣራት እንዳለበት ነገረኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ብዬ ወጣሁ።

ታደለች ከዚህ በላይ አልጠበቀችም። ያን ሆድ ይዛ፣ ቡልኮውን አሸክማኝ ጋሽ ግርማ ሱቅ ገባች። ባንኮኒው ላይ፣ በሞባይል ቀፎዎቹ አናት፣ ቡልኮውን ዘረጋችው። ከዚያ በወላይትኛ አንድ ነገር ብቻ አለች። «ጋሼ፣ ይኼን እናቴ ናት የፈተለችው። ዓይኗ ሳይደክም።»

ጋሽ ግርማ እጃቸውን በቀዳዳው አስገብተው መዳፋቸውን በወዲያኛው በኩል አዩት። ከዚያ እናትየው የት እንዳሉ ጠየቁ። ዱቦ መሆናቸውን ስትነግራቸው፣ «እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ» አሉ።

በቀጠሯችን ቀን ሱቃቸውን ዘግተው፣ እኔና እሳቸው ቡልኮውን ይዘን ሚኒባስ ተሳፍረን፣ ከዚያም በእግር ተጉዘን አማቴ ቤት ደረስን። እንግዳ እንደሚመጣ ተነግሯቸው ስለነበር አማቴ ቅቤ ያልነካው ነገር በቤቱ እንዳይገኝ አድርገው ጠበቁን። ችግሩ ቀኑ ዓርብ መሆኑ ነው። ጋሽ ግርማ ይጾማሉ። አማቴ ጴንጤ ናቸው፤ ይህ ትዝ አላላቸውም። ባሉበት ቆመው ጥቂት አሰቡና የቀረበውን ሁሉ አንስተው ጎዳሬ በዳጣ፣ በሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ፣ አመጡ። ለእሳቸው ብቻ መስሎኝ ነበር። እንግዳ እየጾመ አማች አይበላም ተብሎ ቅቤው ከፊቴ ሄደ። በዓይኔ እስከ ጓዳ ሸኘሁት።

ከተበላ በኋላ ጋሽ ግርማ ብድግ ብለው፣ ባትሪው ከእሳቸው ሱቅ እንደወጣ፣ ሲያብጥ አይተው ችላ እንዳሉ፣ ስለ እኔ አልጋ አንዲት ክፉ ቃል ሳይጨምሩ ተናገሩና የሚጠየቁትን ሊክሱ መምጣታቸውን ገለጹ። አማቴ ቡልኮውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸው ያላየላቸውን በጣታቸው እያነበቡ አዳመጡ።

«ልጄን ነክቷታል?» አሉ።

አልነካትም አልናቸው።

«ሆዷንስ?»

«አልነካም፤ ገና ከአልጋው መነሳቷ ነበር» አልኩ። ይህን ቃል ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። በዚያ ሁሉ አቤቱታ ስለ ጨርቅ ስሟገት፣ ሚስቴ ውሃ ባይጠማት ኖሮ የሚለውን አንድም ቀን አላነሳሁም።

«ታዲያ ምን ልትከፍሉኝ መጣችሁ?» አሉ አማቴ።

ወዲያው መቀስ አስመጡ። የተቃጠለውን ቆርጠው አወጡ፤ ከቀረው ለሕፃን የሚሆን ሁለት መታቀፊያ አወጡለት። ቀድሞም ለአንድ ሰው ይበዛ ነበር አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ነፍሰ ጡር ከምትተኛበት አልጋ እሳት ማስገባቴ ምን የሚሉት ትምህርት እንደሆነ ጠየቁኝ። ባትሪው ውስጥ ስላለው ሊትየም ላስረዳ ጀመርኩ። በወላይትኛ ሊትየምን ምን እንደሚሉት አላውቅም። ጋሽ ግርማ ሊያግዙኝ ይችሉ ነበር፤ የተረፈ ጎዳሬ አንስተው ማኘክ መረጡ።

ስንወጣ አማቴ፣ ጥፋቱን ለመናገር ዱቦ ድረስ የመጣን ሰው ባዶ እጁን አልሸኝም ብለው ለጋሽ ግርማ አንድ ዘለላ ሙዝና አንዲት ዶሮ ሰጧቸው። ሙዙን እስከ ሚኒባሱ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ዶሮዋ በመንገድ ሁሉ ትሰድበኝ ነበር።

ሴት ልጅ ተወለደችልን። ጋሽ ግርማም አዲስ ባትሪ ሰጡኝ፤ ጽሑፌንም ጨረስኩ። ሰዎች ካሳውን አገኘህ ወይ ሲሉኝ በሚገባ ተከፍሏል እላለሁ፤ ለማን እንደተከፈለ አልጨምርም። ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ዱቦ ስንሄድ የአማቴ የመጀመሪያ ጥያቄ «ያ ደግ ሰውስ?» ነው። በየዓመቱ ይጠሩልኝ ስለሚሉ እጠራቸዋለሁ። ጋሽ ግርማ ከላይ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀመጣሉ። እኔ ማስታጠቢያ ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ፣ እጃቸውን አስታጥባቸዋለሁ።