ክቡር «ብዬ ነበር»

በየቤተሰቡ፣ ነገሩ ከሆነ በኋላ የሚተነብይ አንድ ነቢይ አይጠፋም። የአንዲት መድኃኒት ተመራማሪ ቤተሰብ ነቢይ አጎቷ ነበሩ። ዘመድ አዝማዱ በሌሉበት «ክቡር ብዬ ነበር» ይላቸዋል።

ቧንቧ ሲፈነዳ፣ «ብዬ ነበር!» የጎረቤት ትዳር ሲፈርስ፣ «ብዬ ነበር!» እናቷ የተቀበረች ዕለት እንኳ፣ የገዛ እህታቸው አፈር ሳይደርቅ፣ ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብለው «ቶሎ ትታከም ብዬ ነበር» አሏት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋ ከአንገት በላይ ሆነ።

ክቡርነታቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሆቴል አስተናጋጅ ነበሩ። ኮሮና ሲይዛቸው፣ እሷ ያለችበት ቡድን አንድ አዲስ መድኃኒት በፈቃደኛ ሕሙማን ላይ ይሞክር ነበር። መድኃኒቱ ይረዳል ተብሎ የታሰበው በሽታው ገና ሲጀምር ነው። ቂሟን ዋጥ አድርጋ ደወለችላቸው።

«መድኃኒቱ ቫይረሱን አይነካም፣ ጋሼ። ቫይረሱ የሚገለገልበትን የአስተናጋጁን ሴል ፕሮቲን ነው የሚያግደው።»

«የማንን?»

«የአስተናጋጁን። የሚያስተናግደው የራስዎ ሴል ነው ማለቴ ነው። ቫይረሱ መልኩን ይቀያይራል፣ የእኛ ፕሮቲን ግን ያው…»

«አየሽ! ብርጭቆ የሰበረው እንግዳው፣ የሚቀጣው አስተናጋጁ! ዕድሜ ልኬን የጠገብኩትን ደግሞ በክኒን ልትግቺኝ ነው?» ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ።

«ኧረ ጋሼ፣ ቃሉ እኮ ነው!»

«ቃሉማ ገብቶኛል። ይቅርብኝ።»

ቃሉን የተረጎመውን ሰው ረገመችው። አጎቷንም አልማረቻቸውም።

ሳምንት ሳይሞላ ከንፈራቸው ጠቁሮ ሆስፒታል ገቡ። «ለሙከራው አሁን ጊዜው አልፏል» አላት ሐኪሙ። «ቫይረሱ የሚያጠፋውን አጥፍቷል። አሁን ትግል የያዝነው ከሳንባቸው ጋር ነው።»

ጓንቷን አጥልቃ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠች። ያቺ ዓመታት ያቃጠለቻት ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ መጥታለች። ተራው የእሷ ነው። አጎቷ ዓይኗን አይተው ገባቸው።

«በያት እንጂ» አሉ ከኦክስጅን ጭምብሉ ሥር። «አትፍሪ። ስትወጣ ደስ ትላለች፣ እኔ አውቃታለሁ።»

«ምኗን?»

«ብዬ ነበር በያ!»

የተጣመመውን ጭምብል አስተካከለችላቸው። እጃቸውንም ያዘች።

«ምንም አላልኩም እኮ፣ ጋሼ።»

ክቡርነታቸው ትንፋሻቸውን አጠራቀሙ። በነገር መረታት አያውቁም ነበር።

«ብለሽ ነበር» አሏት።