መርከብ ላይ የታጠበው የክት ቀሚስ

ልብስ ማጠብ የተማርኩት ባሕር ላይ ነው። ሰው ባሕር ላይ ዋና ይማራል፣ ዓሣ ማጥመድ ይማራል፤ እኔ የተማርኩት መዘፍዘፍና ማለቅለቅ ነው። እስከዚያ ድረስ እጥበት ለእኔ ሳንቲም ከትቶ ቁልፍ መጫን ነበር። ነጩም፣ ጥቁሩም፣ ካልሲውም አንድ ላይ ይገባል፤ የወጣው ይለበሳል። ሸሚዞቼ በሙሉ ግራጫ የሆኑት ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ግራጫ የገዛሁ ይመስለኝ ነበር።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የእኛ ሰው ምግብ ቤትና ሱቅ በጣት የሚቆጠርበት ዘመን። ከሐያት ጋር ከተጋባን ስድስት ወራችን ነበር። ሃውቶርን ውስጥ፣ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ወሬያችንን አቋርጠን የምንጠብቅባት አንዲት አፓርትመንት ተከራይተናል። እኔ መሃል ከተማ የሰው መኪና ፓርክ አደርጋለሁ። ሐያት ፒኮ ሮበርትሰን ውስጥ ሚስስ ሮዝ የሚባሉ አሮጊት ትንከባከባለች።

ሚስስ ሮዝ ከእህታቸው ጋር በመርከብ ሜክሲኮ ደርሰው ሊመለሱ ትኬት ቆርጠው ነበር። የአራት ቀን ጉዞ ነው። ታዲያ እህትየው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና ነገሩ ቀረ። ሚስስ ሮዝ መርከቡ ቢሮ ደውለው ትኬቱን በእኛ ስም አስቀየሩትና ለሐያት ሰጧት። “የሠርግ ስጦታ ሳልሰጥሽ ቀርቼ ነበር” አሏት። ግሪን ካርዳችን ደርሶን ስለነበር መመለሻችን አያሰጋም ተባልን። ሶ፣ ሄድን።

ከመሄዳችን በፊት ግን ፌርፋክስ ጋሼ ይመር ምግብ ቤት ጎራ ብለን ምክር ጠየቅን። ጋሼ ይመር አሰብ ወደብ ለብዙ ዘመን የሠሩ ናቸው፤ ስለ መርከብ እሳቸው እያሉ ሌላ ሰው አይናገርም። “መርከብ ላይ እራት በክት ልብስ ነው። ካፒቴኑ ራሱ ለብሶ ነው የሚመጣው። እንዳታዋርዱን” አሉን።

ሐያት አንድ የክት ልብስ ነበራት። የሐበሻ ቀሚስ። ነጭ ሆኖ ከታች ደማቅ ቀይ ጥለት የዞረበት። ጥጡን በገዛ እጃቸው የፈተሉት እናቷ ናቸው፤ ደሴ ተሸምኖ፣ እዚያው ተሰፍቶ፣ ለሠርጓ በሰው እጅ ተላከላት። ቀሚሱ በደረሰ በሳምንቱ የመርዶው ስልክ ተደወለ። እናቷ ዐርፈዋል። ሐያት አለቀሰች፤ ሰው መጣ፣ አስተዛዘነን፣ ሄደ። ለኒካው ያን ቀሚስ ለበሰችው፤ ከዚያ አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከተተችው። የእናቷንም ነገር አብራ የከተተችው ያህል ነበር። እኔ አነሳለሁ፤ እሷ “ሻይ ልጨምርልህ?” ትላለች። ስድስት ወር እንደዚያ ከረምን።

በመጀመሪያው ምሽት የካፒቴኑ እራት ነበር። ሐያት ቀሚሱን ለብሳ ስትገባ ሰው ሹካውን አስቀምጦ ነው ያያት። አላጋነንኩም። እኔም ከግራጫዎቹ ሸሚዞች የተሻለውን መርጬ ከጎኗ ተቀምጫለሁ። ከእኛ ጋር የተመደቡት ሆዳቸው ከቀበቷቸው በላይ እየተነቃነቀ የሚስቁ አንድ ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ የያዙትን ዓሣ ታሪክ ያወሩልናል። ዓሣው በየደቂቃው ያድጋል። “ይህን ያህላል” ብለው ክንዳቸውን ሲዘረጉ የቀይ ወይን ብርጭቆውን መቱትና ሐያት ጭን ላይ ተደፋ።

ሰውየው ደነገጡ፤ ይቅርታ ለመኑ፤ አስተናጋጆች ጨው ይዘው ተሯሯጡ። ሐያት “ኢትስ ኦኬ” አለች። ፈገግም አለች። ክፍላችን ገብታ ቀሚሱን ወንበር ላይ ዘረጋችው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። በሕይወቷ ወይን ቀምሳ አታውቅም፤ የእናቷ ፈትል ግን ጠጣ።

በማግሥቱ ጠዋት መርከቡ የሜክሲኮ ወደብ ኤንሰናዳ ሊደርስ ሲል ባሕሩ ይናወጣል። ሐያትን አጥወለወላት፤ ኪኒን ዋጠችና መልሳ ተኛች። እኔ ቁጭ ብዬ ቀሚሱን አያለሁ፤ ቀሚሱም ያየኛል። አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ አልኩ። ባል ነኝ፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት ብቻ ነው እንዴ ሥራዬ?

የእጅ መታጠቢያውን ሞላሁት። በምን መሰላችሁ? በሙቅ ውሃ። እንዲያውም በሚያቃጥለው። የመታጠቢያ ቤቱን ሽቶ ሳሙና አነሳሁና መፈተግ ጀመርኩ። ወይኑ ንቅንቅ አላለም። ጥለቱ ግን ተንቀሳቀሰ። ቀዩ ቀለም ለቀቀ፤ ነጩ ላይ ሲሰራጭ እያየሁት ነው። ጎትቼ ሳወጣው መዳፍ የሚያህለው የወይን እድፍ እንዳለ ነው፤ የጥለቱ ቀይ ደግሞ ጉልበት ድረስ ወጥቷል።

ያን ጊዜ የተሰማኝን እንዴት ልንገራችሁ።  

ቀሚሱን ፎጣ ውስጥ ጠቅልዬ በኮሪደሩ ወደ ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ሮጥኩ። መሸጫ ማሽኑ ውስጥ ሳንቲም ከትቼ አንዲት ጠርሙስ በረኪና ገዛሁ። ነጭ የሚያደርግ በረኪና ነው፤ ያለቀ ነገር ነው ብዬ ክዳኑን ከፈትኩ።

“በዚያኛው እጅህ የያዝከው ምንድን ነው?” የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ።

ዞር አልኩ። አንዲት ጠና ያሉ ጥቁር አሜሪካዊት ካውያ ይዘው ቆመዋል።

“ቀሚስ ነው” አልኩ።

“ሌላኛው ላይስ?”

“በረኪና።”

“በረኪናውን አስቀምጥ። ቀስ ብለህ።”

ፖሊስ መሣሪያ ሲያስጥል እንደሚናገረው ነው የተናገሩት። አስቀመጥኩ።

ሚስ ዶሮቲ ይባላሉ። ከቤተ ክርስቲያናቸው ሴቶች ጋር ነው የመጡት። ኢንግልዉድ ውስጥ፣ ከእኛ ቤት አሥር ደቂቃ በማይርቅ ድራይክሊን ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ይህን ሁሉ ኋላ ነው የሰማሁት። መጀመሪያ ያደረጉት ቀሚሱን ከእጄ ወስደው ጨርቁን በሁለት ጣታቸው መካከል ማሸት ነው።

“ይህ በፋብሪካ የተሠራ አይደለም። ማነው የፈተለው?” አሉኝ።

“የሚስቴ እናት። ዐርፈዋል።”

ካውያቸውን ከሶኬቱ ነቀሉት።

በዚያው ቅጽበት የገለባ ባርኔጣ ያደረጉ ጓደኞቻቸው በሩ ላይ ብቅ አሉ። መርከቡ ቆሟል፤ ከተማውን የሚያስጎበኘው አውቶቡስ ሊነሳ ነው። ሚስ ዶሮቲም ትኬቱ አላቸው። “እናንተ ሂዱ። ሜክሲኮ የትም አትሄድም፤ ይሄ ቀለም ግን ከደረቀ አለቀለት” አሉ። ሴቶቹ ሄዱ። እኔ “አይገባም፣ እርስዎ ይሂዱ” ስል በዐይናቸው ዝም አሰኙኝ።

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ያጥቡልኛል ብዬ ነበር። “እኔ በዕድሜዬ በቂ አጥቤአለሁ። አንተ ታጥባለህ፤ እኔ እናገራለሁ” አሉ።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ፤ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ። ትንሽ ዱቄት ሳሙና፤ ከምታስበው ግማሹን። መዘፍዘፍ እንጂ መፈተግ የለም። ውሃው ቀይ ሲሆን ድፋ፤ እንደገና ሙላ። ወይኑ ያለበትን ቦታ ነጭ ኮምጣጤ እየነካካህ በጣትህ ጫፍ ብቻ። ኮምጣጤውን ከወጥ ቤት ለምኜ አመጣሁ፤ አስተናጋጁ ሰላጣ የምበላ መስሎት ሳህንም ጨመረልኝ። ልጨምቀው ስል ደግሞ እጄን መቱኝ ልበል? አዎ፣ መቱኝ። “ዶሮ አይደለም የምታንቀው” አሉኝ።

አምስተኛውን ውሃ ስደፋ ወገቤ ሊቆረጥ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ እናቴ ትዝ አለችኝ። ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር፣ የስድስት ሰው ልብስ፣ ጎንበስ እንዳለች። እኔ ደግሞ ሸሚዜን አነሳና “ኮሌታው በደንብ አልለቀቀም” እላታለሁ። እንደገና ወስዳ ታጥብልኛለች። አንድ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ሲንኩ ላይ እንዳጎነበስኩ ፊቴ ጋለ።

ሰባተኛው ውሃ ላይ ሳለሁ ሐያት በሩ ላይ ቆማለች። ነቅታ ቀሚሱን አጥታ፣ እኔንም አጥታ፣ ኮሪደሩን ይዛ መጣች። እጄ እስከ ክርኔ ውሃ ውስጥ ነው፤ ውሃው ቀይ ነው። ልዋሽ አልኩና ምን ብዬ እንደምዋሽ አጣሁ።

“ቀለሙን አስለቀቅኩት። እኔ ነኝ ያበላሸሁት” አልኳት።

“በሙቅ ውሃ?”

“በሙቅ ውሃ።”

 ሚስ ዶሮቲ አጠገባቸው ያለውን ወንበር በእግራቸው ገፋ አድርገው ሰጧት። ተቀመጠች። ውሃውን እያየች በእንግሊዝኛ፣ ለእኔ ሳይሆን ለሚስ ዶሮቲ፣ ማውራት ጀመረች።

“እናቴ ቁመቴን በምን እንደለካችው ያውቃሉ? ከቤት ስወጣ ጭንቅላቴ የበሩ መቃን ላይ የት እንደደረሰ ታስታውስ ነበር። ልብስ ሰፊውን እዚያ በር ላይ ወስዳ ‘እስከዚህ ድረስ ናት’ አለችው። እህቴ ናት በደብዳቤ የነገረችኝ። አምስት ዓመት አላየችኝም፤ ቀሚሱ ግን ልክክ አለ።”

ሚስ ዶሮቲ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጠረጉት። “ሌላስ? ምን ዓይነት ሴት ነበረች?” አሏት።

ሐያት ተናገረች። እናቷ እየፈተሉ እንዴት እንደሚቆጡ፣ ክሩ እንዳይበጠስ ሲሉ ቁጣቸውን እንዴት ዝግ እንደሚያደርጉት፤ ጎረቤት የሚያስቁት ቀልድ፤ ስኳር እየደበቁ የደበቁበትን የሚረሱት። አለቀሰች፤ እያለቀሰች ሳቀች። እኔ ውሃ እደፋለሁ፣ እሞላለሁ። ስድስት ወር የጠበቅኩትን ወሬ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ዘጠነኛውን ውሃ እየቀየርኩ ሰማሁት። አሥረኛው ውሃ ጠርቶ ወጣ። እኔ ግን ሐያት እንዳታቋርጥ ብዬ ሁለት ጊዜ ደግሜ ሞላሁት። ሚስ ዶሮቲ አይተውኛል።

ከዚያ በፎጣ ጠቅልሎ ውሃውን መምጠጥ፣ ጥላ ላይ ዘርግቶ ማድረቅ፣ ገልብጦ ከውስጥ በኩል በእርጥብ ጨርቅ መተኮስ። ወይኑ ሙልጭ ብሎ ወጣ። ቀለሙ ግን ከጥለቱ በላይ አንዲት ስስ የሮዝ ጥላ ትቶ ቀረ፤ ለሚያውቀው ብቻ የሚታይ። ሐያት በጣቷ ዳሰሰችውና “ይሄ ያንተ ነው” አለችኝ። የመጨረሻው ምሽት ለብሳው እራት ገባች። ሚስ ዶሮቲ ቀድመው ጠረጴዛችን ደርሰው ቀይ ነገር የያዘ ብርጭቆ ሁሉ አስነስተዋል። የዓሣው ሽማግሌ ያን ቀን በውሃ ብቻ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ነው ያወሩት። ዓሣውም አነስ ብሎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የክት ልብስ የማጥበው እኔ ነኝ። ለእናቴም ደብዳቤ ጻፍኩና ስለ ኮሌታው ይቅርታ ጠየቅኳት። “ልጄ፣ አሞሃል እንዴ? ሐኪም አይተሃል?” የሚል መልስ መጣልኝ። ሚስ ዶሮቲን ኢንግልዉድ ቤታቸው ሄደን ደጋግመን ጠየቅናቸው፤ ምን አድርገን እንደምንክሳቸው ስንጨነቅ ሐያት ስለ እናቷ ሌላ ታሪክ እንድትነግራቸው ብቻ ነው የሚጠይቁት። አላህ ያክብራቸው። አንድን የማያውቁትን ሰው ከበረኪና አስጥለው ሙሉ ቀናቸውን የሚሰጡ ሰዎች ባይኖሩ እኛ የት እንደርስ ነበር?

በተመለስን ማግሥት ፌርፋክስ ጋሼ ይመር ቤት ገባን። ሰው ከበበን። ከመካከላቸው ባሕሩን ተሻግሮ ሜክሲኮ የደረሰ የለም፤ ሁሉም ጆሮውን ሰጠን።

“እሺ፣ ሜክሲኮ እንዴት ናት?” አሉ ጋሼ ይመር።

ሐያት አየችኝ። እኔም አየኋት። መሬቷን አልረገጥንም።

“ንጹህ ናት” አልኩ።

ሐያት አንገቷን ደፍታ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ጋሼ ይመር ግን ረጋ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

“እኔም እንደዚያ ነው የሰማሁት” አሉ።