በጋቢ የተጠቀለለው ኮምፒውተር

መርዶ በእኛ አገር ከፀሐይ ቀድሞ ነው የሚመጣው። ሰዎቹ ሌሊቱን ሰምተው፣ ተጠራርተው፣ ማን አፍ እንደሚከፍት ተማክረው፣ ገና ጎህ ሲቀድ በራችሁን ያንኳኳሉ። ስለዚህ ላሊበላ ውስጥ በማለዳ ሦስት ሽማግሌ ደጃፋችሁ ላይ ቆመው ካያችሁ ነገሩ አንድ ብቻ ነው፤ ይህን ሕፃን እንኳ ያውቃል። እኔ ግን ሌላ ነገር መሰለኝ። ስለ ማሽኑ ድምፅ የመጡ መሰለኝ።

ባለቤቴ ይርዳው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ነበር። ጓዳችን ውስጥ ሌት ተቀን የማይጠፋ ኮምፒውተር አቁሞ፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ እየጮኸ ጎረቤቱን ሁሉ አማርሮ ነበር። ያን ሰሞን ለዚያው ማሽን ማራገቢያ ልገዛ ብሎ ወልድያ ከሄደ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሽማግሌዎቹ ገና ቃል ሳይተነፍሱ ቀደምኳቸው።

«አውቃለሁ አባቶቼ፣ ተቸግራችኋል። ይርዳው አዲስ ማራገቢያ ይዞ ነገ ይመጣል፤ ከነገ ወዲያ ድምፅ የሚባል አትሰሙም።»

ሦስቱም አንገታቸውን ደፉ። የእናቴ ወንድም አያ ሞላ ከኋላቸው ብቅ ሲሉ ነው ነገሩ የገባኝ። አያ ሞላ ስለ ማራገቢያ ብለው ከአሸተን ማርያም ተራራ ሥር በሌሊት አይነሡም።

ይርዳው ወልድያ እህቱ ቤት በተኛበት ልቡ ቆሞ ነበር። ከአስከሬኑ ጋር ቦርሳው መጣ። ቦርሳው ውስጥ በካልሲ የተጠቀለሉ ሁለት ቀጫጭን የኮምፒውተር ሚሞሪዎች ነበሩ። ማራገቢያ ግን የለም። ለካ ዋሽቶኝ ነው የሄደው።

እዚህ ላይ ማሽኑ ምን እንደነበር ልንገራችሁ፤ እኔም የገባኝ በአምስት ዓመት ነው። ይርዳው አንዱን ኮምፒውተር ከፋፍሎ በውስጡ ስምንት ኮምፒውተሮች ያኖር ነበር። ስምንቱም አይዳሰሱም፤ ግን እያንዳንዱ ስም አለው፣ ሥራ አለው፣ ሲታመምም ለብቻው ነው የሚታመመው። «ቨርቹዋል ማሽን» ይላቸዋል። «ታዲያ ያለህ አንድ ኮምፒውተር ነው ወይስ ስምንት?» ስለው «ሁለቱም» ይለኛል። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ እንዲህ ያለ መልስ ሰምቼ አላውቅም።

ዋናው ጭንቃችን ግን በእሱ የመምህርና በእኔ የወረዳ ጸሐፊ ደመወዝ የቱን ዕቃ እንግዛ የሚለው ነበር። ሌላው ባልና ሚስት ስለ ዘመድ ይጣላል፤ እኛ ስለ ፕሮሰሰር። በመጨረሻ ነገሩ የተገለጠልኝ የገና ሰሞን ነው። ለገና ከየአገሩ የሚመጣው ተሳላሚ የላሊበላን ቤት ሁሉ ይሞላል፤ እኛም ቤት ሃያ ሰው ያድራል። ያን ጊዜ የሚያንሰው የእኔ ጉልበት አይደለም፤ ተራ በተራ ሁሉንም አስተናግዳለሁ። ጎታው ውስጥ ያለው እህልም አያንስም። የሚያንሰው ሰው የሚጋደምበት ወለል ነው። እንግዲህ ፕሮሰሰሩ እኔ ነኝ፣ ዲስኩ ጎታው ነው፣ ሚሞሪው ወለሉ ነው። ይህን ስነግረው ይርዳው ከመቀመጫው ተነሥቶ ግንባሬን ሳመኝ።

«በቃ! ያለንን ወለሉ ላይ እናፈሳለን። ማሽኑ ያረጀ የቢሮ ዕቃ ይሁን፣ ሚሞሪው ይብዛ።»

የትዳራችን ትልቁ ስምምነት ይኸው ነበር።

ወልድያ ሊሄድ ሲል ደግሞ በር ላይ ቆሞ፣ «ዘጠነኛ አዘጋጅቻለሁ፤ ያንቺ ናት፣ ስምሽን ሰጥቻታለሁ። ቦታ አንሷት አልነሣም አለች እንጂ ዛሬውኑ አሳይሽ ነበር» አለኝ። «ምን አለባት?» አልኩት። ሳቀና ሄደ።

በሐዘን ቤት ሬዲዮ አይከፈትም፣ ሙዚቃ አይሰማም። የይርዳው ማሽን ግን ይህን ወግ አያውቅም። ለቀስተኛው ዝም ባለ ቁጥር እሱ ይሰማል። የቅሬው ዳኛ፣ ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ ነው የምንለው፣ «ይኼ ነገር ይጥፋ» አሉ። እንደ ደንቡ ሳይዘጋ ገመዱ እንዳይነቀል ይርዳው አጥብቆ ነግሮኛል፤ አዘጋጉን ግን አላሳየኝም።

«እንዲሁ ከተነቀለ በውስጡ ያሉት ስምንቱ ይሞታሉ» አልኩ።

«ስምንት?» አሉ አንዲት እናት፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው። ሐዘኑ አእምሮዋን ነካው ብለው እንደ አዲስ አለቀሱልኝ። ነገሩ የነፍስ አባታችን ዘንድ ደረሰ። እሳቸውም ጥቂት አሰቡና፣ «በአንድ ሳምንት ዘጠኝ ቀብር አንችልም፤ እስከ ሠልስት ይቆይ» ብለው ፈረዱ።

ሠልስት አልደረሰም። መብራት ጠፋ፤ ሲመለስ በኃይል ተመለሰ። ማሽኑ አንድ ጊዜ ተንጣጣና የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ሰጥቶ ዝም አለ። በዚያ ቀን የማለቅሰው ለማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም።

ዲስኩ ሊተርፍ እንደሚችል ግን አውቃለሁ፤ ቤት ሲቃጠል ጎታ የሚተርፍበት ጊዜ አለ። አርባው ሳይወጣ ያችን ዘጠነኛ ማየት አለብኝ አልኩ። ምናልባት ድምፁን ቀድቶልኝ ይሆናል። ምናልባት ደብዳቤ ነው። ምን ትቶልኝ እንደሄደ ሳላውቅ ተዝካሩን እንዴት አወጣለሁ?

«ሐዘንተኛ ብቻዋን ገበያ አትወጣም» ብለው አያ ሞላ ማሽን ፍለጋ አብረውኝ ወልድያ ወረዱ። እኛ አገር ብልባላ ገበያ ላይ አያ ሞላ ያላዩትን በሬ የሚገዛ የለም።

ሻጩ ጥቁር ልብሴን አይቶ አዘነልኝና ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ቀይ ሰማያዊ የሚያበራ አዲስ ማሽን አወጣ።

«እናቴ፣ ይኼ በጣም ፈጣን ነው።»

«ፍጥነቱን ተወው። የሚሞሪ መሰኪያው ስንት ነው?»

«ሁለት።»

«ውስጡ ሌላ ማሽን መሸከምስ ይፈቅዳል? ክፈትና አሳየኝ።»

ሻጩ እርዳታ ፍለጋ አያ ሞላን አያቸው። አያ ሞላ ማሽኑን አንድ ጊዜ ዞሩትና «ይኼ ለሰርግ ነው» አሉ።

ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠጣ፣ ደረቱ የሰፋ፣ ግራጫ የቢሮ ማሽን ነበር። አያ ሞላ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ጎኑን መታ መታ አደረጉት። ከዚያ አሸተቱት።

«ከማን ቤት ነው የወጣ?»

«ከመሥሪያ ቤት ነው አባቴ።»

«ዕድሜው?»

«ስድስት ዓመት።»

«ለምን ሸጡት? ይተኛባቸዋል?»

«ኧረ! አዲስ ስለመጣላቸው ነው።»

«ቀለቡስ?»

ሻጩ ግራ ገባው። «የሚፈጀውን መብራት ማለታቸው ነው» አልኩት።

«እስቲ አስነሣው» አሉ። ማሽኑ ሲነሣ ጆሯቸውን ጎኑ ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። «ትንፋሹ ደህና ነው። ሸክም የለመደ ነው።»

እኔም ክዳኑን አስከፍቼ አራት መሰኪያ አየሁ። የይርዳውን ሚሞሪዎች ከካልሲው አውጥቼ ሞከርኳቸው፤ ልክክ አሉ። ሌላ ማሽን መሸከምም ይፈቅዳል። እኔና ይርዳው በአምስት ዓመት ክርክር የደረስንበት ቦታ አያ ሞላ በአፍንጫቸው ደረሱ።

በአውቶቡስ ስንመለስ «ጣሪያ ላይ አይጫንም» ብለው ማሽኑን በጋቢያቸው ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አቀፉት። እኔ ጥቁር ለብሼ፣ ፀጉሬን ተላጭቼ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። ጋሸና ላይ የተሳፈሩ ሁለት ሴቶች አይተውን ከንፈራቸውን መጠጡ። አንደኛዋ ጋቢውን በስሱ ነካ አድርጋ፣ «ስንት ዓመቱ ነው?» አለች።

«ስድስት» አሉ አያ ሞላ።

ሴትዮዋ እንባዋን ለቀቀችው። አውቶቡሱ በሙሉ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለን። ማስረዳቱ እስከ ላሊበላ ስለማያልቅ፣ «አሜን» አልን።

ቤት ገብቼ ዲስኩን ከሞተው ማሽን ፈትቼ ከአዲሱ ጋር አገናኘሁ፤ ይርዳው ሲሠራ መብራት እየያዝኩለት የኖርኩ ሴት ነኝ። ስምንቱም አንድ በአንድ ተነሡ። አንደኛው ሌሎቹ በሕይወት መኖራቸውን ይጠብቃል። ሁለተኛው አንደኛው መጠበቁን ይጠብቃል። ሦስተኛው የሁለቱን ሪፖርት ይሰበስባል። አራተኛው ለሁሉም ሰዓት ይናገራል፤ አምስተኛው ማሽኑ ምን ያህል እንደሞቀ ይጽፋል። የተቀሩት የእነዚሁ ግልባጭ ናቸው። ዘመኑ ቀበሌው ሁሉ አንድ ለአምስት የተደራጀበት ስለነበር ብዙም አልገረመኝ። ባሌ አምስት ዓመት ሙሉ ጓዳዬ ውስጥ ስብሰባ ሲመራ ኖሯል።

በመጨረሻ በስሜ «የሺ» የተባለችውን ዘጠነኛዋን አስነሣሁ። ከስምንቱ ሁሉ የሰፋውን ወለል ለእሷ ሰጥቷል። ድምፅ የለም። ፎቶም የለም። ያለው የአማርኛ መጻፊያና አንድ ባዶ ገጽ ነው። ከገጹ አናት ላይ እንዲህ ይላል፦ «የሺዬ፣ ዕድሜሽን ሙሉ የወረዳውን ደብዳቤ ጻፍሽ። እዚህ የራስሽን ጻፊ። ብታበላሺም ሌሎቹን አይነካም።»

አርባው እስኪወጣ አንድ ቃል መጻፍ አልቻልኩም። ከዚያ ጀመርኩ። አሁን የምታነቡትም እዚያው ላይ የተጻፈ ነው።

ባለፈው ሰሞን ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ፤ ሦስት ሽማግሌ። መቃኑን ጨብጬ ቆምኩ፤ ያለኝ ዘመድ ሁሉ በየተራ በዓይኔ አለፈ። አንደኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «የሺ፣ ልጄ፣ ስለዚያ ማሽን ድምፅ ነበር» አሉ።

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። የሦስቱንም ጉልበት ስሜ አስገባኋቸው፤ በዚህ ሳምንት አዲስ ማራገቢያ እንደምገዛም ማልኩላቸው።

አልገዛሁም። ጓዳው ዝም ካለ የሚሰማኝን አውቀዋለሁና።

እናንተ ግን እስከዚህ ከተከተላችሁኝ፣ ለይርዳው፣ ቤተ ክርስቲያን ወልደ ገብርኤል ብላ ለምታውቀው፣ አንድ ጊዜ ነፍስ ይማር በሉልኝ። ስለ ማራገቢያው የዋሸውንም ጨምራችሁ ለምኑለት። የእኔን ለነፍስ አባቴ ራሴ እናገራለሁ።