ሁሉም አንደኛ የወጣበት ኮምፒውተር

[አሰላ፣ አንድ የግል ዱቄት ፋብሪካ። የኋላሸትና ከዲሮ አንድ ክፍል ተምረው አሁንም አንድ ክፍል የሚሠሩ የጥገና ባለሙያዎች ናቸው። ከረጢት መሙያው ማሽን ቆሟል። ማሽኑን በሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር ፊት ቆመው ይከራከራሉ። የከዲሮ ቅንድብ ዱቄት ነው።]

የኋላሸት፦ ፈጣን ነው አልኩህ። ከዚህ የፈጠነ አርሲ ውስጥ ካለ አሳየኝ።

ከዲሮ፦ ፍጥነቱንማ ማን ካደ። ግን ከረጢቱ ሞልቶ ካለፈ በኋላ ነው የዱቄት ማውረጃውን ክዳን «ዝጋ» የሚለው።

የኋላሸት፦ አልፎ አልፎ ነው።

ከዲሮ፦ አልፎ አልፎው ዛሬ ጠዋት ወይዘሮ አሰፋች ላይ ወረደ። ዱቄት ለብሰው፣ የፋብሪካው ባለቤት መሆናቸውን የለየሁት በድምፃቸው ነው። እስከ ምሳ ካልተስተካከለ ኮምፒውተሩን አውጥተው በአካፋ እንደሚያስሞሉ ተናግረው ልብስ ሊቀይሩ ሄዱ።

የኋላሸት፦ እንዴት ሆኖ? ከርነሉን እኮ የቀየርኩት ራሴ ነኝ።

ከዲሮ፦ የትኛውን ኮሎኔል?

የኋላሸት፦ ከርነል። ኮምፒውተሩን የሚያሠራው የሊኑክስ ልብ። ማን ቀድሞ ይሥራ፣ ማን ይጠብቅ ብሎ የሚያዘው።

ከዲሮ፦ ያው ኮሎኔል ማለት አይደል?

የኋላሸት፦ [በረጅሙ ተንፍሶ] በለው እንግዲህ። አሁን ያስገባሁት ሪል ታይም የሚባለው ነው። አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ ሌላውን አቋርጦ እሱን ያስቀድማል።

ከዲሮ፦ ታዲያ ክዳኑን ለምን አላስቀደመም?

የኋላሸት፦ ክዳኑማ አንደኛ ደረጃ አለው።

ከዲሮ፦ እዚሁ ኮምፒውተር ላይ ያለው የበሩ ካሜራስ?

የኋላሸት፦ አንደኛ።

ከዲሮ፦ የቢሮው ሪፖርትስ?

የኋላሸት፦ እሱም አንደኛ። የግቢው ሙዚቃም እንደዚያው። ሁሉም እንዲፈጥን ብዬ ነው።

ከዲሮ፦ መናኸሪያ የሮቤ ሚኒባስ ሲመጣ አይተህ የለ? ሁሉም አንደኛ ነው። በሩ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ እንጂ የሚገባ የለም።

የኋላሸት፦ ሚኒባስና ፕሮሰሰር ምን አገናኛቸው?

[የኋላሸት ቀስ ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ መጻፍ ይጀምራል።]

ከዲሮ፦ ምን እያደረግህ ነው?

የኋላሸት፦ ምንም። ክዳኑን ብቻውን አንደኛ እያደረግሁት ነው። ፕሮሰሰሩ ሁለት ኮር አለው፣ እንደ ሁለት ሠራተኛ ማለት ነው፤ አንዱን ለክዳኑ ለቀቅሁለት። ካሜራው፣ ሪፖርቱና ሙዚቃው ሌላው ላይ ይጋፉ። ቀድሞም አስቤው ነበር።

ከዲሮ፦ ከፊትህ ያስታውቃል።

[ማሽኑ ይነሳል። ከረጢት በከረጢት ላይ ይሞላል፤ ክዳኑም በሰዓቱ ይዘጋል። ወይዘሮ አሰፋች ልብስ ቀይረው ይመጣሉ፤ በጣም ሳይጠጉ ወለሉን ያያሉ፣ ራሳቸውን በእሺታ ነቅንቀው ይመለሳሉ።]

የኋላሸት፦ [ወንበር ስቦ እየተቀመጠ] አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ትናንት ደጋግሜ ለክቼው ነበር። አንድም ጊዜ አልዘገየም።

ከዲሮ፦ መቼ ነው የለካኸው?

የኋላሸት፦ ምሳ ሰዓት። ሠራተኛው ሲወጣ ጸጥ ይላል፣ የሚረብሽ የለም።

ከዲሮ፦ ማሽኑስ?

የኋላሸት፦ ቆሟል።

ከዲሮ፦ ካሜራውና ሙዚቃውስ?

የኋላሸት፦ ልኬቱን እንዳያበላሹብኝ አጥፍቻቸው ነበር።

ከዲሮ፦ አቦ፣ እንደሱማ ከሆነ እኔም እሁድ እሁድ ሥራ አርፍጄ አላውቅም።