ፋየርዎሉ ምሳ የሚወጣው መቼ ነው?

“ቀላል ነው” የሚል ባለሙያ ያለበት መሥሪያ ቤት ሥራ አይሠራም! በጥናት አላረጋገጥኩትም፤ ባለሙያው እኔ ስለሆንኩ ነው የማውቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለው መሥሪያ ቤታችን ኮምፒዩተሮቹን ቫይረስ ሲፈጅበት፣ “ቀላል ነው! ሊኑክስ የሚባል የኮምፒዩተር ሥርዓት አለ፤ ቫይረስ አይደፍረውም” ብዬ አሮጌውን ሁሉ ጠርጌ ሊኑክስ ጫንኩ። ቫይረስ በእርግጥ አልደፈረውም። የአማርኛ ፊደልም አልደፈረውም! በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ የቅርስ አያያዝ ሥልጠና የጨረሱ ካህናትና መሪጌቶች የምስክር ወረቀት ይቀበላሉ፤ አታሚው እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ለሙከራ ባትመው ስሙ በሙሉ ሣጥን በሣጥን ሆኖ ወጣ። አለቃዬ ወይዘሮ የሺ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት።

“አስማረ፣ ይኼ የሰው ስም ነው ወይስ የንብ ቀፎ?”

“የአማርኛ ፊደል ቅርጽ፣ ፎንት የሚሉት፣ ጎድሎ ነው… ከኢንተርኔት አወርደዋለሁ። ቀላል ነው።”

“ካልሆነ በእጅህ ትጽፋታለህ!”

እዚህ ላይ አንድ ምሥጢር ልንገራችሁ። የእኔን የእጅ ጽሑፍ ሐኪሞች እንኳ “ይሄን ማን ያነበዋል?” ይሉታል። እሱን ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ብራና ሲያነቡ ለኖሩ ሰዎች? ያውም በአደባባይ? ደንግጬ ኪቦርዱ ላይ ተደፋሁ።

የኮምፒዩተሩን ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ከፍቼ የማውረጃውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ፋይሉ በቅጽበት ከተፍ አለ! ደስ ብሎኝ ጥቅሉን ልፈታው ብል “ይህ ጥቅል አይደለም” ይለኛል። ገልጬ ሳነበው ፎንት ሳይሆን ፋየርዎሉ በፎንቱ ስም የላከው ማስታወቂያ ነው፦ “ይህን ማውረድ ተከልክሏል።” አያችሁልኝ ተንኮሉን? ፋየርዎል ማለት የኢንተርኔት ኬላ ነው፤ የእኛው ግን መኪናውን ያሳልፍና ጭነቱን ያስቀራል። በሌላ ትእዛዝ ሞከርኩ፤ ያው ማስታወቂያ። በሌላ ድረ ገጽ ዞሬ ብመጣ… ማስታወቂያው ቀድሞኝ ደርሷል!

የኬላው ኃላፊ ጋሽ ይበልጣል ናቸው፤ ያለ እሳቸው የይለፍ ቃል ፋየርዎሉን ማንም አይነካውም። ቢሯቸው ሮጥኩ።

“አንተ ልጅ፣ ትልልቅ ፋይል የሚወርደው በምሳ ሰዓት ብቻ ነው። ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል!”

ምሳዬን ትቼ ጠበቅኩ። ልክ ስድስት ተኩል ሲል ትእዛዙን ለቀቅኩት… “ተከልክሏል!” ጋሽ ይበልጣልን ከነጉርሻቸው ጎትቼ አመጣኋቸውና ያስገቡትን ሕግ ከፍተን አየነው። እውነታቸውን ነው፤ ከ6፡30 እስከ 7፡30 ይላል።

“ጋሽ ይበልጣል! ማሽኑ እኮ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። የእሱ ስድስት ተኩል ለእኛ ገና ሲነጋ፣ አሥራ ሁለት ተኩል ነው!”

“አሃ! እስከ ዛሬ ኬላውን ስከፍት የኖርኩት ለዶሮ ነዋ!”

ነገ ሲነጋ መጥቼ አውርጄ፣ ከሥነ ሥርዓቱ በፊት አትማለሁ ብላቸው እሳቸው እቴ! “እኔ እያለሁ በዚህ ብርድ? አሁኑኑ አስተካክልልሃለሁ” ብለው ሄዱ። መረቅኳቸው። ትንሽ ቆይተው ጋቢያቸውን ደርበው በበሩ ብቅ አሉ።

“የማሽኑን ሰዓት ወደ እኛ መልሸልሃለሁ። ግማሽ ሥራ ስለማልወድ ዓመተ ምሕረቱንም አብሬ ወደ እኛ መልሸዋለሁ። በል፣ ቁይ ከተማ ለቅሶ አለብኝ!”

“የባሰ አታምጣ” የሚባለው ለካ ለዚህ ነው! ፋየርዎሉ ፋይል ከማሳለፉ በፊት የየድረ ገጹን መታወቂያ ይመረምራል፤ መታወቂያውም የተሰጠበት ቀን አለው። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የተመለሰው ማሽናችን ታዲያ የቀረበለትን መታወቂያ ሁሉ “ይህ ገና አልተሰጠም” እያለ ይመልስ ጀመር። ቀድሞ የከለከለን ፎንት ነበር፤ አሁን ዓለምን በሙሉ ከለከለን! ስልክ ብደውል ጋሽ ይበልጣል አያነሱም፤ የይለፍ ቃሉም አብሯቸው ለቅሶ ደርሷል። ኢንተርኔት ቤት ሮጬ ብሄድ በከተማው መብራት የለም፤ የስልኬም ኢንተርኔት አብሮ ጠፍቷል፤ ጄኔሬተር ያለው የእኛው መሥሪያ ቤት ብቻ ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል… ብዕር አነሳሁ።

በማግሥቱ ከመርጡለ ማርያም የመጡ አንድ አዛውንት መሪጌታ የምስክር ወረቀታቸውን ተቀበሉ። አቀረቡት፣ አራቁት፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። እኔ ከአጠገባቸው ቆሜ ላብ ያጠምቀኛል።

“ልጄ፣ ይህን የጻፈው ማን ነው?”

ወይዘሮ የሺ ዓይናቸውን ተከሉብኝ።

“ኮ… ኮምፒዩተር ነው፣ መሪጌታ።”

“ወይ ምስኪን! ገና ፊደል በመቁጠር ላይ ነዋ!” አሉ ከልባቸው አዝነው። “አይዞህ በለው። እየጻፈ ይለምዳል።”

“ብየዋለሁ፣ መሪጌታ” አልኳቸው፤ ቀለም የነካውን ጣቴን ከኋላዬ ደብቄ።