ማታ እኮ አናግሮኛል

አበሻ ምስጢር አይችልም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወደ እኛ ዕድር ላኩልኝ። እኛ ሞትን ያህል ነገር በሆዳችን ይዘን፣ ሐዘንተኛዋን በር ላይ "እንደምን አመሹ" ብለን አልፈን፣ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበን የምናረዳ ሰዎች ነን። መርዶ በስልክ? ኧረ በስማም!

በቅርቡ መሥሪያ ቤቴ የመረጃ ደህንነት ሥልጠና ሰጥቶን ነበር። አሠልጣኟ ሦስት ነገር ያዙልኝ አለች፤ መረጃ ለማይመለከተው ሰው አይገለጥ፣ ማንም እንዳሻው አይለውጠው፣ ባለቤቱ ሲፈልገው ይገኝ። ሌባውም፣ አስመሳዩም፣ የስልክ መቋረጡም የሚመጡት በእነዚሁ ላይ ነው። "የደረሳችሁን ሁሉ አትመኑ፣ አጣሩ" ብላ አሰናበተችን። እኔም ቦምቦሊኖዬን እየገመጥኩ፣ ምስጢር መጠበቅን ለእኛ ልታስተምር? ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ካዛንቺስ ፈርሶ ጎረቤቱ ከተበተነ ወዲህ የዕድራችን ጡሩምባ ቴሌግራም ሆኗል። ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሰለሞን ስም መልእክት ገባ። ሰለሞን የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የሚኖሩት የእትዬ ብርቄ አንድ ልጅ። "ጓደኛው ነኝ፣ በስልኩ ነው የምጽፈው። መኪናው ተገልብጦ ሰለሞን አርፏል። አስከሬኑን ለማምጣት ተባበሩን" ይላል፤ ከሥሩ የባንክ ቁጥር አለ። ደወልን። ዝግ ነው። በቃ፣ አመንን።

እስቲ ልጠይቃችሁ፣ እንዲህ ያለው ነገር የሚጣራው ከማን ነው? ከእናቱ ነዋ! ልጁ በየማታው የሚደውለው ለእሳቸው ነው። ግን መርዶ ያልደረሳትን እናት "ልጅሽ ደውሎ ነበር?" ብሎ የሚጠይቅ ጨካኝ ዕድራችን ውስጥ የለም። ያን ዕለት አመሻሹ ላይ እትዬ ብርቄን በራቸው ላይ አግኝቻቸው ስለ ውሃ መጥፋት አወራን። ትንፍሽ አላልኩም።

ጎህ ሲቀድ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ገባን። የዕድሩ ዳኛ አቶ መኮንን ተናገሩ። እትዬ ብርቄ አልጮኹም።

"ማታ እኮ አናግሮኛል!" አሉ። "ስልኬ ተበላሸ ብሎ በሰው ስልክ ደወለልኝ እኮ!"

መርዶ ነግራችሁ የምታውቁ ከሆነ ይህን ቃል ሰምታችኋል። ሁሉም ይሉታል፤ ትናንት አየሁት፣ አሁን አናገርኩት፣ አልሞተም። አቶ መኮንንም እንደ ልማዳቸው "እሺ ብርቄ፣ እሺ፣ እግዜር ያጽናሽ" አሉ። እኛም እንባችንን ለቀቅነው። እትዬ ብርቄ አንድ በአንድ ፊታችንን አዩ። ከዚያ አመኑ። ደም ግፊት ነበረባቸው፤ ሆስፒታል ሳንደርስ አረፉ። አምላኬ፣ ምን አደረግን!

ረፋዱ ላይ ከሰለሞን ቁጥር የጽሑፍ መልእክት ደረሰኝ። "ስልኬ ገና አሁን ተጠገነ። ቴሌግራሜን ሌባ ወስዶብኛል፤ የሚስጥር ቁጥሩን ተታልዬ ሰጥቼው ነው። በስሜ የሚመጣውን እንዳታምኑ።" መለስኩለት። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ መርዶ በስልክ አይነገርም። "እናትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ቶሎ ና" አልኩት።

"አንተ ሌባ! የእሱንም ስልክ ወሰድክ?" ሲል ጻፈልኝ። "እማዬ ደህና ናት። ማታ እኮ አናግሬያታለሁ።"

ብደውል፣ ብደውል አያነሳም። ሥልጠናው ሳይሰጠው የገባው እሱ ብቻ ነው።

አሁን ከአቶ መኮንን ጋር ቃሊቲ፣ መኪናውን የሚያቆምበት ግቢ በር ላይ፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ቆመናል። ፊታችንን ካየ ያምናል። እናቱም ያመኑት ፊታችንን አይተው ነው።