የሸሸው ጠበልና የአያ ደምሌ አውድማ

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላሉ። ይህን ተረት መጀመሪያ የተናገረው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ውሃውን ያፈሰሰው ግን ራሱ ሳይሆን አይቀርም። ሰው በገዛ እጁ ላበላሸው ነገር ተረት አያጣማ! እኔም ተረት ከመፈለጌ በፊት ልናዘዝላችሁ፤ ጋይንት ውስጥ የአንድ ደብር ጠበል ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። በጣሳ እንዳይመስላችሁ። ከነምንጩ ነው።

ከገደሉ ሥር ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ የምንቆፍር ሰዎች ማኅበር አለን፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ጸሐፊ ብዕሩን ይዞ ቢቀመጥ ደግ ነበር። እኔ ግን የድንጋይ ሆድ የማውቅ መስሎኝ፣ የምንቆፍረው ዋሻ ወደ ቀኝ ይታጠፍ፣ ኦፓሉ በዚያ በኩል ነው አልኩ። ታጠፈ። ኦፓል የለም። ቋጥኙ ለካ እንደ በጋ ዋልካ ተሰነጣጥቆ ኖሯል፤ በየስንጥቁ ውሃ ጠብ ይል ጀመር። የምንጠጣው አገኘን ብለን ተሳሳቅን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ትዝ ያለን ሳምንት ቆይቶ፣ ከዋሻው አናት ላይ ካለው ደብር ጠበሉ ደረቀ የሚል ወሬ ሲወርድ ነው።

የደብሩ አለቃ የኔታ፣ እዚሁ ጋይንት ባለችው ቤተ ልሔም ድጓ ሲማሩ ያረጁ ሰው ናቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ገደሉን ወርደው ዋሻችን ድረስ መጡ፤ እጃቸውን ከጠብታው ሥር ዘረጉ፣ አማተቡ። ቢቆጡ ይሻል ነበር። እስከ ጥምቀት ውሃው ወደ ቦታው ካልተመለሰ ዋሻው በድንጋይ ይሞላል ብለው ብቻ ተመለሱ። የሁላችንም ማዳበሪያና የልጆቻችን ደብተር የሚወጣው ከዚያ ዋሻ ነው። እናቴ ደግሞ ወገቧን የምታስታምመው በዚያ ጠበል ነው፤ ያን ቀን ባዶ ጀሪካኗን ደጃፌ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

በዚህ መካከል ነው ስንዱ የምትባል ኢንጂነር የደረሰችልን። ሥራዋ በማዕድን ዋሻ ውስጥ የተሰነጠቀ ቋጥኝ በምን በምን እንደሚደፈን መፈተን ነው። መጀመሪያ የሲሚንቶ ብጥብጥ በእጅ ፓምፕ ወደ ስንጥቁ ገፋች፤ ውሃው ሲሚንቶው ሳይጠነክር አጥቦ መለሰላት። ያን ጊዜ ጀሪካኖች አስቆርጣ፣ የተሰነጠቀ ድንጋይ ሞልታ፣ ኖራ ከአመድ፣ ዋልካ ከኖራ እየበጠበጠች ታፈስባቸውና ከላይ ውሃ ትለቅባቸው ጀመር። አንዱ አፈሰሰ፣ አንዱ ሲደርቅ ተሰነጠቀ። ከቆፋሪዎቹ ሁሉ አንጋፋው አያ ደምሌ፣ የገብስ ገለባ ከጸጉሩ ሳይራገፍ ከአውድማ የመጣ፣ ቆሞ ሲያይ ቆየና ሳቀ። አውድማ ሲለቀለቅ አይታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት። አታውቅም።

በማግሥቱ ወሰዳት። የተሰነጠቀውን መሬት በምን እንደደፈነው አሳያት፤ ዋልካ፣ የጤፍ ገለባና እበት፣ አንድ ላይ ቦክቶ። ቀጥሎ ተልባ በተነበት። ተልባ ያላመለጠበት አውድማ ጤፍም አያመልጠውም፤ የእኛ አገር ፍተሻ ይኸው ነው። ስንዱ ተንበርክካ ተልባውን እየለቀመች ስንጥቅ ስትፈልግ ዋለች፤ አንዲት ፍሬ አልጎደለችም። አያ ደምሌ በእጁ በጥብጦ የሞላው ጀሪካንም ቀናት አልፈው ጠብ አላለም።

ያንኑ ወደ ቋጥኙ ገፋን። አንድ ሌሊት ያዘ፤ ሲነጋ ቋጥኙ ተፍቶት አገኘነው። ጥምቀት ሊደርስ ሳምንት ቀርቶታል። ስንዱ ጀሪካኑን አየች፣ ቋጥኙን አየች፣ ከዚያ አያ ደምሌን።

«ያው ነው የበጠበጡት?»

አያ ደምሌ ባርኔጣውን አወለቀ። «ለቋጥኙ ስበጠብጥ እበቱን አላገባሁበትም። በጠበል ሥር እበት ልልቀቅ፣ ልጄ? እጄ እንቢ አለኝ።»

ስንጥቁን የሚይዘው በእበቱ ውስጥ ያለው የደቀቀ ሣር መሆኑን ስንዱ አስረዳችን። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የምሕንድስና አልነበረም። ተያይዘን ወደ የኔታ ወጣን፤ ጥፋተኛውም ጸሐፊውም እኔ ስለሆንኩ፣ እበት የሚለውን ቃል በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተናገርኩት እኔ ነኝ። የኔታ መቁጠሪያቸውን ደጋግመው አዞሩት።

«ጌታ የት ተወለደ?» አሉኝ።

«በበረት፣ የኔታ።»

«እሱ ያልተጸየፈውን ጠበሉ አይጸየፍም። ሂዱ ድፈኑ።» ልንወጣ ስንል ጠሩን። «ትኩሱን አግቡበት፤ የደረቀው አይዝም።» ለካ እሳቸውም አውድማ ለቅልቀው ነው ያደጉት።

ደፈንን። ጠብታው ቆመ፤ ያ ሁሉ ቀን ስንሰማው የከረምነው ድምፅ ሲጠፋ ዋሻው ውስጥ የገዛ ትንፋሻችን አስፈራን። ላይ በደብሩ ግን ምንም የለም። በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ እናቴ ጀሪካኗን ይዛ ቆማ ሳለ፣ የደረቀው የጠበሉ ድንጋይ ጠቆረ። ረጠበ። ከዚያ እንደ ፈትል የቀጠነች ውሃ ብቅ አለችና መንገዷን አስታውሳ ወረደች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያ ሁሉ ተራራ፣ ማንም ገብቶ ያላየው የውሃ ጎዳና፣ ከላም ሆድ በወጣ ነገር እሺ ብሎ ሲመለስ! ስንዱ መሣሪያዋን ረስታ አለቀሰች። እናቴ የሞላ ጀሪካኗን አሸከመችኝ፤ እስከ ቤትም ከፊቴ ሳይሆን ከጎኔ ሄደች።

ዋሻችን አልተሞላም። የኔታ ግን ሥርዓት ሠሩ፤ ድፍኑ እንዳይላላ ማኅበራችን በየዓመቱ ለገና መባ ሲያመጣ፣ ለመለቅለቂያው የሚሆነውንም ይዞ ይመጣል። ስለዚህ አያ ደምሌ በአዲስ ቅርጫት፣ በንጹሕ ነጠላ ሸፍኖ፣ እንደ መሶብ ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል፤ የማያውቁ ሰዎች መንገድ እየለቀቁ እጅ ይነሱታል። ሰብአ ሰገል ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ይዘው ሄዱ። እኛም ጧፍ፣ ዕጣንና እበት። በዚያ በረት ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው የትኛው እንደነበር ደግሞ እናንተው አስቡት።